ስለ በርበሬ ስም ትርጓሜና አመጣጥ

በርበሬ የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛል። አንደኛው፥ ቃሉ በረበረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የሆድ ዕቃን ስለሚበረብር ይህ ስም ተሰጠው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ከምትገኘው ከበርበራ ወደብ የመጣ ሸቀጥ ስለ ሆነ በወደቡ ስም ተጠራ የሚል ነው። ሁለቱም ለጆሮ የሚጥሙ ናቸው፤ በምሳ ሰዓት ለሚነሣ የመሥሪያ ቤት ጨዋታም ይበቃሉ። በተማሪ ደብተር ላይ ለመጻፍ ግን የሚበቁ ሆነው አላገኘናቸውም።

ስለ ስሙ ከመናገራችን በፊት ስለ ተክሉ አንድ ነገር ማስታወስ ግድ ይሆንብናል። ዛሬ በርበሬ የምንለው ቀይ ፍሬ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የበቀለ አይደለም። ቃሪያውም፥ ዛላውም፥ ሚጥሚጣውም የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው፤ በዚያም የአገሩ ሕዝብ ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ሲያለማቸው ኖሯል። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አትላንቲክን ተሻግሮ እስኪመለስ ድረስ፥ በአፍሪቃም ሆነ በእስያ ወይም በአውሮፓ ይህን ፍሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ሲዘምቱ በሠራዊቱ ስንቅ ውስጥ ቀይ በርበሬ አልነበረም፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች ቀይ ወጥ አልበሉም፤ በ1468 ያረፉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዛላ በርበሬ የሚባል ነገር በዐይናቸው ሳያዩ አለፉ።

ይህን ስንል ቅር የሚለው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ቀይ ወጥን ከአክሱም ሐውልት እኩል ጥንታዊ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ስለ ጥንት ነገሥታት ቴያትር የሚያዘጋጅ ሰው በማዕዱ ላይ ቀይ ዶሮ ወጥ ቢያቀርብ ከተመልካቾች መካከል «ይህ አይሆንም» ብሎ የሚነሣ አይገኝም። ነገር ግን ታሪክን ለልጆች የሚያስተምር ሰው ዕዳው ለሆነው ነገር ነው። ደግሞም እውነቱ ከተለመደው አስተሳሰብ ይልቅ የሚያስደንቅ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ተክሉ የ500 ዓመት እንግዳ ሲሆን ስሙ ግን ከተክሉ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ስም ከተሸካሚው ቀድሞ እንዴት ሊገኝ ይችላል? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ከላይ የጠቀስናቸውን ሁለት መልሶች እንመርምር። በረበረ ከሚለው ግስ የሚወጡትን ቃላት ማንኛውም ሰዋስው የተማረ ሰው ሊዘረዝራቸው ይችላል፤ አድራጊው በርባሪ፥ ድርጊቱ ብርበራ፥ መሣሪያው መበርበሪያ ይሆናል። በርበሬ የሚለው ቅርጽ ግን ከዚህ እርባታ ውጭ ነው። በተጨማሪም ከቅመሞቻችን መካከል በሆድ ዕቃ ላይ በሚያደርገው ሥራ የተሰየመ ሌላ አናውቅም። ኮረሪማ፥ ድንብላል፥ አብሽ፥ አዝሙድ፥ ቅርንፉድ፥ ቀረፋ ሁሉ የዕቃ ስሞች ናቸው እንጂ የድርጊት ስሞች አይደሉም። የግሱ ድምፅ ከቅመሙ ስም ጋር መግጠሙ እውነት ነው፤ ሰው ቃሉን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበውም ያን ነው። ሆኖም ሁለት ቃላት በድምፅ ስለ ተገናኙ ብቻ እናትና ልጅ አይሆኑም።

የበርበራ ወደብ ነገር ከዚህ የተሻለ መሠረት አለው። ሸቀጥ በወደብ ስም መጠራቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የየመን ወደብ የሞካ ስም በዓለም ሁሉ የቡና ስም ሆኖ የለምን? ዳሩ ግን የጥንቱን ንግድ ስንመረምር ነገሩ አይገጥምም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ በግብጽ ይኖር የነበረ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይገኛል፤ ይህም «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» እየተባለ የሚጠራው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሊቃውንት የዛሬዋ በርበራ ናት የሚሏት ወደብ ማላዎ በሚል ስም ተጠቅሳለች። ከእርሷ የሚወጣው ሸቀጥም ከርቤ፥ ዕጣንና ቀረፋ የመሰለው ነው እንጂ የሚያቃጥል ቅመም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዛሬም ቢሆን የበርበራ ሰዎች በሶማልኛ ቀዩን በርበሬ በስባስ፥ ጥቁሩን ፊልፊል ይሉታል፤ እኛ ከእነርሱ ዘንድ ወሰድነው የሚባለው ስም በእነርሱ አፍ አይገኝም።

ታዲያ ስሙ የማን ነበር? መልሱ ያለው በራሱ በአማርኛችን ውስጥ ነው፤ በየቤቱ ጓዳ፥ በየቅመማ ቅመም መደብሩ በየቀኑ የሚነገር ስለ ሆነ ልብ የምንለው ግን ጥቂቶች ነን። ይህም ቁንዶ በርበሬ የሚለው ስም ነው።

ቁንዶ በርበሬና ቀይ በርበሬ በተፈጥሮ ምንም ዝምድና የላቸውም። ቀይ በርበሬ ከድንች፥ ከቲማቲምና ከትምባሆ ወገን የሆነ፥ ቁመቱ ከወገብ የማያልፍ ተክል ነው። ቁንዶ በርበሬ ግን በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ሲሆን የጥንት አገሩ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የሚገኘው የማላባር ጠረፍ ነው። ፍሬው ክብ፥ ጥቃቅንና ሲደርቅ የሚጠቁር ነው። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም አፍ ያቃጥላሉ። ሁለት እንዲህ የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም የያዙት አንዱ ከሌላው ወስዶ መሆን አለበት። ቀዩ በአገራችን የ500 ዓመት እንግዳ ከሆነ፥ ጥቁሩ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት አቅራቢያ ጀምሮ በቀይ ባሕር ሲመላለስ የኖረ ከሆነ፥ ወሳጁ ማን፥ የተወሰደበትም ማን እንደ ሆነ ለመፍረድ አያስቸግርም።

የጥቁሩ በርበሬ ንግድ እጅግ የሰፋ ነበር። ከላይ የጠቀስነው የነጋዴው መጽሐፍ፥ ሙዚሪስ ወደምትባለው የማላባር ወደብ ታላላቅ መርከቦች በተለይ ስለዚሁ ቅመም እንደሚሄዱ ይናገራል። በግብጽ የቀይ ባሕር ጠረፍ በበረኒቄ ከተማ በ1990ዎቹ ዓመታት በተደረገው ቁፋሮ በአንድ የሕንድ እንስራ ውስጥ 7 ኪሎ ተኩል ያህል ቁንዶ በርበሬ ተገኝቷል፤ እንስራውም ተቀብሮ የነበረው በቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ነው። የጎት ነገድ ንጉሥ አላሪክ ሮማን በ408 በከበባት ጊዜ ከተማይቱን ለመልቀቅ ከጠየቀው ቤዛ መካከል፥ ከወርቁና ከብሩ ጋር፥ 3,000 ሊትር ቁንዶ በርበሬ ይገኝበት ነበር፤ ሊትር ስንል ያን ጊዜ የነበረውን የክብደት መለኪያ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለው ሸቀጥ በሚያልፍበት ባሕር ዳር የአክሱም መንግሥት ታላቅ ወደብ አዱሊስ ነበረች።

በአዱሊስ የንግዱ ቋንቋ ምን ነበር ቢሉ ጽርእ፥ ማለት ግሪክ ነበር። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በገንዘባቸው ላይ በግሪክ ቋንቋ ያስቀርጹ ነበር፤ የንጉሥ ዒዛና የድል ጽሑፍም በግእዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይወሰን በግሪክ ጭምር ተጽፏል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወራት አዱሊስ ላይ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፥ በኋላም መንኵሶ በጻፈው መጽሐፍ የቁንዶ በርበሬን ሐረግ እንዴት በዛፍ ላይ እንደሚወጣ ገልጾታል። እርሱና ባልንጀሮቹ ይህን ቅመም በግሪክ ቋንቋ የሚጠሩት ፔፔሪ ብለው ነው።

ፔፔሪ የሚለው ስም ራሱ የግሪኮች ፈጠራ አይደለም። ሥሩ በሕንድ የጥንት ቋንቋ በሳንስክሪት ፒፓሊ የሚለው ነው፤ ይህም በመጀመሪያ ረዘም ያለውን የቁንዶ በርበሬ ዘመድ የሚያመለክት ነበር። (የዚህ ወገን ቅርብ ዘመድ በእኛም አገር በደቡብ ምዕራብ ደኖች ይገኛል፤ ጥምዝ የምንለው ነው።) ከዚያ ስሙ በፋርስ ፒልፒል፥ በግሪክ ፔፔሪ፥ በላቲን ፒፔር ሆነ፤ ዐረቦች ፕ የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው ፊልፊል አሉት። እንግሊዞች ፔፐር የሚሉት፥ ስዋሒሎች ፒሊፒሊ የሚሉት ሁሉ የዚህ የአንዱ ቃል ልጆች ናቸው።

አሁን በርበሬ የሚለውን ቃል ከእነዚህ መካከል አስቀምጠን እንየው። ሕንዶቹ፥ ፋርሶቹና ዐረቦቹ ሁሉ በቃሉ ውስጥ ለ ያሰማሉ፤ ግሪኩና ላቲኑ ረ ያሰማሉ። የእኛ ቃል የያዘው ረ ነው። ስሙ ከዐረብ ነጋዴዎች የተወሰደ ቢሆን ኖሮ እንደ ሶማሌ ወንድሞቻችን ፊልፊል ባልን ነበር። በሌላ በኩል የእኛ ቃል በፕ ፈንታ ብ ይዟል፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም። ፕ ለግእዝ የባዕድ ድምፅ ነው። ለዚህ ድምፅ የተበጀው ፐ በሀሁ ተራ መጨረሻ ላይ መቆሙ ኋላ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይመሰክራል። ሕዝባችን ዛሬ እንኳ ፖሊስን ቦሊስ፥ ፖስታን ቦስታ ሲል እንሰማለን። ፔፔሪ ብሎ የመጣውን ቃል አፉ ወደ በ ቢመልሰው ከልማዱ የወጣ ነገር አላደረገም።

በመጀመሪያው ክፍል የተጨመረው ረ ብቻ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ይህን ያደረገው ቋንቋችን ለድግግሞሽ ያለው ፍቅር ነው። ሁለት ድምፅ ወስዶ መልሶ መድገም የአማርኛም የትግርኛም ጠባይ ነው፤ ፍርፍር፥ ዝልዝል፥ ቁልቋል፥ ሚጥሚጣ ሁሉ የተሠሩት በዚህ አኳኋን ነው። በረሬ ወይም በበሬ ከማለት በርበሬ ማለት ለዚህ ጆሮ የተደላደለ ነው። ትግርኛው በርበረ ማለቱ፥ ኦሮምኛውም በርበሬ ማለቱ ቃሉ በአንድ አውራጃ ሳይወሰን አገሩን ሁሉ የዞረ መሆኑን ያሳያል።

የቅመም ስም ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲገባ ይህ ብቸኛው አይደለም። በግእዝ ወንጌል ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት በተነገረው ምሳሌ ውስጥ ያለው ቃል ሰናፔ ነው፤ ይህም የግሪኩ ሲናፒ ነው። ሰናፍጭ የምንለው አማርኛችን የዚሁ ዘመድ ሲሆን፥ እንግዳ ስም በአፋችን ውስጥ ሲቆይ ምን ያህል መልኩን እንደሚለውጥ ጥሩ ምስክር ይሆናል። ፔፔሪ በርበሬ ሆነ ሲባል የማይመስለው አንባቢ ቢኖር ሲናፒን ከሰናፍጭ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ይመልከት።

ከዚህ ቀጥሎ ስሙ ከጥቁሩ ወደ ቀዩ እንዴት እንደ ተላለፈ እንመለከታለን። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ኮሎምቦስ ከአገሩ የወጣው የሕንድን ቅመም ፍለጋ ነበር፤ በጥር 1493 የሂስፓኒዮላ ደሴት ሰዎች አሒ የሚሉትን ፍሬ ባየ ጊዜ የእነርሱ በርበሬ ይህ ነው፥ ከእኛውም ይበልጣል ሲል በማስታወሻው አሰፈረ። ስሕተቱ የምኞት ስሕተት ነበር፤ የሚፈልገውን ስላላገኘ ያገኘውን በሚፈልገው ስም ጠራው። ከዚያ ወዲህ ፍሬው በፖርቱጋሎች መርከብ ዓለምን ሲዞር የሌላውን ስም ተሸክሞ ዞረ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ትውልዱ እንኳ ተረስቶ፥ ሊዮንሃርት ፉክስ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1542 ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ የካሊኩት በርበሬ ብሎ ወደ ሕንድ አስጠጋው።

በየአገሩ የሆነውን ብንመለከት አንድ ዐይነት ነገር እናገኛለን። ሕንዶች ቁንዶ በርበሬን ሚርች ይሉት ነበር፤ አዲሱ ፍሬ በመጣ ጊዜ ይህን ስም ወሰደና አሮጌው ካሊ ሚርች፥ ማለት ጥቁር ሚርች ለመባል ተገደደ። ቱርኮች ከግሪክ የወሰዱትን ቢበር የሚለውን ቃል ለአዲሱ ሰጥተው አሮጌውን ካራ ቢበር፥ ማለትም ጥቁር ቢበር አሉት። ዐረቦችም ፊልፊል ሲሉ ቀዩን ያሰቡ እንዳይመስል ጥቁር የሚል ቃል ይጨምሩበታል። በስዋሒሊ አገር ቁንዶ በርበሬ ፒሊፒሊ ማንጋ ይባላል፤ የዐረብ አገር ፒሊፒሊ ማለት ነው። የእኛም ቁንዶ በርበሬ የቆመው ከእነዚህ ጎን ነው። አንድ ጊዜ በርበሬ ሲባል እርሱ ብቻ ነበረና ቅጽል አያስፈልገውም ነበር፤ ታናሹ መጥቶ ስሙን ሲወርስ ታላቁ በቅጽል የሚታወቅ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ እኛም ስናስበው ቆይተናል። አማርኛ ከባሕር ማዶ የመጣን ተክል የሚሰይምበት የታወቀ መንገድ አለው። በአገሩ ያለውን የሚመስለውን ተክል ስም ይወስድና ባሕር የሚል ቃል ይጨምርበታል። በቆሎ ባሕር ማሽላ ተባለ፤ ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ተባለ፤ ከአሜሪካ የመጣው በለስ የባሕር ቁልቋል ተባለ። በእነዚህ ሁሉ እንግዳው ቅጽሉን ተሸከመ፤ ባለአገሩ ማሽላና ባለአገሩ ቁልቋል ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ታዲያ ከበቆሎ ጋር ከአንድ ምድር የመጣው ቀይ በርበሬ የባሕር በርበሬ ያልተባለው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ እንዲህ ይመስለናል። የባሕር የሚለው ቃል እንግዳውን ከባለአገሩ የሚለየው ባለአገሩ በምድራችን የሚበቅል ሲሆን ነው። አሮጌው በርበሬ ግን ራሱ የባሕር ነበር። ከመርከብ ወርዶ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፥ በየኬላው ቀረጥ ተከፍሎበት የሚመጣ እንጂ ገበሬ ዘርቶ የሚለቅመው አልነበረም። አዲሱ ደግሞ በባሕር ቢመጣም አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በየጓሮው በቀለ። ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠ፤ እንግዳው ባለአገር፥ ነባሩ እንግዳ ሆኑ። ሰው በየቀኑ የሚያየውን በርበሬ ብሎ ጠራ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከነጋዴ በቁና ሳይሆን በጭብጥ የሚገዛውን በቅጽል ለየው።

አሮጌው በርበሬ ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1520 የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ ከመካከላቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ጽፏል። መልእክተኞቹ ለመንገድ ወጪያቸው ቁንዶ በርበሬ ይዘው ነበር፤ ለንጉሡ ያቀረቡት እጅ መንሻ ያነሰ በመሰላቸው ጊዜም ከዚሁ ስንቃቸው ጨምረው ሰጡ። በንጉሥ ፊት የሚቀርብ ገጸ በረከት የሚሆን ቅመም በገበሬ ወጥ ውስጥ በየቀኑ አይገባም። የዚያ ዘመን ባላገር ወጡን የሚያጣፍጠው በሰናፍጭ፥ በፌጦ፥ በኮረሪማና በመሳሰለው በአገሩ በሚያገኘው ነገር እንደ ነበረ መገመት ይቻላል።

ቀዩ በርበሬ ወደ አገራችን የገባው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው። መንገዱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ፖርቱጋሎች ናቸው፤ መልእክተኞቹ እስከ 1526 በአገሩ ቆይተዋል፤ በ1541ም ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ይዞ ገብቷል። ሁለተኛው በሕንድና በቀይ ባሕር መካከል ከጥንት የነበረው የነጋዴዎች መመላለሻ ነው፤ ፍሬው በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት በሕንድ ጠረፍ ይዘራ ስለ ነበር፥ በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ከያዙ በኋላም ንግዱ ስላልተቋረጠ ዘሩ በአንድ ነጋዴ ከረጢት ውስጥ ለመምጣት ምንም የሚከለክለው አልነበረም። ለስሙ ጉዳይ ሁለቱ መንገዶች ልዩነት የላቸውም። በየትኛውም ቢመጣ ያመጡት ሰዎች በየቋንቋቸው የቁንዶ በርበሬን ስም እየሰጡ ነበርና፥ እኛም በቋንቋችን ያንኑ አደረግን።

ስለ ምን እንዲህ በፍጥነት ሠለጠነ ቢባል፥ ዋጋው ነው። ዘሩ ከአንድ ዛላ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በደጋና በቆላ መካከል ባለው ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ሲደርቅ ከዓመት ዓመት ይቆያል። ደግሞም ክርስቲያኑ ከዓመቱ እኩሌታ የሚደርሰውን ጊዜ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚጾም ሕዝብ ነው። በጾም ወራት ሽሮንና ምስርን የሚያነሣ ነገር ለዚህ ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያሻም። የንጉሥ ገጸ በረከት የነበረው ማቃጠል በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ የድኻ ጓሮ ሀብት ሆነ፤ ስሙም ከቤተ መንግሥት ወደ ጓሮ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ እየሰፋ ሄደ። ዛሬ በርበሬ ማለት ተክሉም፥ ፍሬውም፥ ተደልዞ ተቀምሞ የተፈጨውም ነው። ለየደረጃው የራሱ ስም ተፈጠረለት፤ ሳይበስል ቃሪያ፥ ደርቆ ሲሰቀል ዛላ፥ እርጥቡ ተፈጭቶ በቅመም ሲታሽ ድልህ፥ በጠጅ ወይም በአረቄ ተበጥብጦ ለጥሬ ሥጋ ሲቀርብ አዋዜ ይባላል። ማረቆና ሀላባ በዛላቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ሆነው የቦታ ስም የዐይነት ምልክት እስከ መሆን ደርሷል። ሚጥሚጣ ብቻ፥ ታናሽና ኀይለኛ ስለ ሆነች ይሆናል፥ የበርበሬን ስም ሳትለምን በራሷ ስም ቆማለች። በአነጋገራችን ደግሞ የተቈጣ ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይኑ በርበሬ መሰለ እንላለን። ይህን አነጋገር አንድ የአዱሊስ ነጋዴ ቢሰማው ግራ ይገባው ነበር፤ በእርሱ ዘንድ በርበሬ የመሰለ ዐይን ጥቁር ዐይን ነውና።

ቃሉ ከአገር ወጥቶም ትርጓሜው እንደገና ተለውጧል። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ በዋሺንግተንና በሌሎች የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች በተስፋፉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች፥ በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም አማካይነት በርበሬ የሚለው ስም በባዕድ ጆሮ ተለመደ። ፈረንጁ በርበሬ ሲል ግን ተክሉን ወይም ዛላውን ማለቱ አይደለም፤ ለዚያ የራሱ ስም አለው። እርሱ የሚለው እናቶቻችን የሚያዘጋጁትን ቅልቅል ብቻ ነው። በዚህስ ፈረንጁ አልተሳሳተም እንላለን፤ ፍሬው የአሜሪካ፥ ስሙ የሕንድና የግሪክ ሲሆን፥ ዛላውን ቀንጥሶ፥ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት፥ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ደልዞ፥ ፀሐይ አስጥቶ፥ አምሶ፥ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር የማስፈጨቱ ጥበብ ግን ከማንም የተወሰደ አይደለም። በዚህ ቅልቅል ውስጥ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ጥቂት ቁንዶ በርበሬም ይጨምሩበታል።

ያ ቁንዶ በርበሬም ቢሆን ዛሬ ሁሉም ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ በቴፒና በበበቃ፥ ጥምዝ በዱር ከሚገኝባቸው ደኖች አጠገብ፥ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ይበቅላል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ባለቅጽል ነው።